ዓይንዎን ለማሽኑ የሰጠሁት እኔ ነኝ

ውድ ጋሼ አስመላሽ፣

ባለፈው ቅዳሜ ካዛንቺስ ሄጄ ነበር። ሰፈሩ መነሳቱን፣ እርስዎም ገላን ጉራ መግባትዎን ሰምቻለሁ፤ ግን እግሬ ዝም ብሎ ወሰደኝ። ቤትዎ የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ሰማያዊው በርዎ አየሩ ላይ የተሳለ መሰለኝ፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው። አንድ ጥበቃ መጥቶ «እህት፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ?» አለኝ።

«ሰው ነው» አልኩት።

ቃሊቲ ብረት ፋብሪካው ውስጥ ስቀጠር ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እርስዎ ምድጃው አፍ ላይ ሠላሳ ዓመት ቆመዋል። የብረቱን ሙቀት በዓይንዎ ብቻ ነበር የሚለዩት። «እዪው አፍራህ» ይሉኝ ነበር፣ «ይሄ ገና የብርቱካን ልጣጭ ነው። የበሰለ ማንጎ ውስጡን ሲመስል፣ ያኔ ልቀቂው።» ከሥራ ስንወጣ ሰርቪሱ ላንቻ እስኪያወርደኝ ዓይኔን ጨፍኜ ያንን ቀለም አየው ነበር። ስገልጠው ደግሞ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች፣ ሕንፃዎቹ በሙሉ ከውስጣቸው የጋሉ ይመስሉኛል። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የብረቱን ቀለም የሚያይ ካሜራ መጣ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተመደብኩ። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው «ገና»፣ «አሁን»፣ «አለፈበት» ሲሉ፣ እኔ እያንዳንዷን ቃል ከምስሉ ጋር መዘገብኩ። ለአዲስ ሠራተኞች ማስተማሪያ ነው ብዬዎት ነበር። እርስዎም አምነውኝ፣ «ጠይቂኝ እንጂ፣ ነገ ልረሳው እችላለሁ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ እኔም እውነት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን የክፍል ኃላፊያችን ፈየራ ጠራኝ። «ካሜራው ከምትመዘግቢው ተምሮ ሲስተሙ ሥራ ሲጀምር ከምድጃ ክፍል አራት ሰው ይቀነሳል» አለኝ። «ለማንም እንዳታወሪ፣ በቃ።» ዝርዝሩን አሳየኝ። የመጀመሪያው ስም የእርስዎ ነበር።

በማግስቱ እንደ ወትሮዬ አጠገብዎ ተቀመጥኩና መዘገብኩ።

አንድ ቀን ሰርቪስ ውስጥ «ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፤ ከምድጃው ጋር በፍቅር እንለያያለን» አሉኝ። ልነግርዎ አፌን ከፈትኩ። ሰርቪሱ ላንቻ ቆመ። «ደህና ይደሩ ጋሼ» ብዬ ወረድኩ። የስንብት ወረቀቱን የሰጡዎት ቀን ደግሞ ከኮምፒውተር ክፍሉ መስታወት ማዶ ሆነው ሊሰናበቱኝ እጅዎን አነሱ። አይቼዎታለሁ። ስክሪኑን የማይ መሰልኩ።

ባለፈው ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው በራ፤ ብረቱ ደርሷል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀና ብዬ በመስታወቱ ብረቱን አየሁ። አልደረሰም! ልጣጭ ነበር። በደንብ ሳይግል፣ ብረት ጨምቆ የሚያሳሳው መዳመጫ ውስጥ የገባ ብረት ተጣጥፎ ወደ ሰው እንደሚወረወር እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። የሥራ ባልደረባችን ጃዋር መዳመጫው አጠገብ ጎንበስ ብሎ ይሠራ ነበር። ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫንኩ። መስመሩ በሙሉ ቀጥ አለ።

ፈየራ እየሮጠ መጣ። «ሲስተሙ ልቀቂ እያለሽ ለምን አቆምሽ?»

«አልደረሰም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጋሼ አስመላሽ አስተምረውኛል።»

ብረቱን በእጅ መለኪያ ለኩት፤ እውነቴን ነበር። የካሜራው መስታወት ጥላሸት ለብሶ ነበር። ጃዋር ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ልጄ ዛሬ አንድ ዓመት ሞላት» አለ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። በየፈረቃው በዓይኑ አይቶ መስመሩን ማቆም የሚችል ሰው እንዲኖር ተወሰነ። የሚያሰለጥናቸው ግን የለም፤ ስለዚህ እርስዎን ፈለጉ። ፈየራ «አንቺን ይወዱሻል፣ ደውይላቸው» አለኝ። መጀመሪያ ያደረግኩትን እነግራቸዋለሁ አልኩት።

«ቢቀየሙሽና ባይመጡስ?»

«መብታቸው ነው።»

ልጅዎን ሩሐማን ሜክሲኮ የምትሠራበት ሱቅ ሄጄ አገኘኋት። ስሜን ስነግራት «አባዬ ሁሌ ያነሳሻል» አለችኝ። ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት። «ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ ዓይኗ እንዳይጎዳ ነው የሚለው።» ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ።

የፋብሪካው ውል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ቢፈርሙትም ቢቀድዱትም፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ገላን ጉራ እመጣለሁ። በሩን ካልከፈቱልኝ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ፤ አልቀየምም። ከከፈቱልኝ ግን እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ በአፌ እነግርዎታለሁ።

የበደለችዎ ተማሪዎ፣
አፍራህ
ላንቻ፣ ቂርቆስ