በአበራ ስም ያለቀስሽው ለቅሶ

ለእናቴ ለደስታ፤ ካለሽበት ይድረስሽ።

እማዬ፣ ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። እኔ አሁንም ወልድያ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መርሳ ወርጄ ቤትሽን ከፍቼ፣ ጠራርጌ፣ ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ። የጓሮው ፓፓያ ዘንድሮ ከአቅሙ በላይ አፍርቶ አንዱ ግንዱ ተሰበረ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ግን አልተሰበረም፤ እንደ ድሮው ይጮኻል። ሊቀመንበሩም አለ፤ እንዲያውም ወፍሯል። ወረቀት የሚለጠፍበት በርም እዚያው ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሳላነብ አላልፍም።

ይህን የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ባለፈው ሳምንት የነፍስ አባትሽ ስለ ሙት ዓመቱ ሊያማክሩኝ መጡ። ስለ ጠላው፣ ስለ ዳቦው፣ ስለ ፍትሐቱ ተነጋግረን ስንጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሕያው ልጅ ላይ ሙሾ ማውረድ እግዜርን መፈታተን ነው፤ ስለዚህ ስለ እናትሽ ብለሽ ንስሐ ግቢላት አሉኝ። ምስጢርሽን ለሰው አላወጡም፤ እኔ ከጅምሩ እንደማውቅ ስለሚያውቁ ነው። ክፉ ሰውም አይደሉም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «አባ፣ ይህን ንስሐ መጀመሪያ ቀበሌው ይግባ» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ። ለሳቸው ያልመለስኩትን መልስ ላንቺው ልጻፈው ብዬ ነው።

ጌታቸውን ለጦር የወሰዱት ጊዜ «ከአንድ ቤት አንድ ይበቃል» ብለውሽ ነበር። ታላቅ ልጅሽን ከገበያ አፍሰው በካሚዮን ሲጭኑት በዚህ ቃል ተጽናናሽ። ቀኑ ሞቃት ስለነበር ኮቱን ቤት ጥሎ ነበር የወጣው። አንቺም አራግፈሽ ከምስማሩ ላይ ሰቀልሽው፤ ሲመጣ ይለብሰዋል ብለሽ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ የጦር ጓደኛው በምርኩዝ እየተደገፈ ከአውቶቡስ ወርዶ ቤታችንን አጠያይቆ መጣ። በረንዳው ላይ አስቀምጠሽው ውኃ ሰጠሽው። ጌታቸው ሰሜን፣ ተራራ ላይ፣ ዓይኑ እያየ እንደወደቀ ነገረን። ከጥይቱ ይልቅ ብርዱ ነበር የሚያሰቃየን አለ። ከዚያ፣ መንግሥት ሳያረዳችሁ ካለቀሳችሁ እናንተም እኔም እንታሰራለን ብሎ ለመነን። እውነቱን ነበር። መንግሥት ያልነገረሽን ሞት ማልቀስ ወሬ መንዛት ተብሎ ያስጠይቅ ነበር። ስለዚህ ወራቱን ሁሉ ባለ ጥለት ነጠላሽን ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን ሳምሽ፣ ሰርግ ጠርተውሽ ሄድሽ። «ከጌታቸው ወሬ አለ?» ለሚልሽ «ደህና ነው አሉ» ብለሽ መለስሽ። ልጇን ቀብራ ማልቀስ ያልተቻላት እናት ብዙ ናት፤ ልጇ ሞቶ ደህና ነው እያለች የዞረች ግን እኔ ያየሁት አንቺን ነው። ለታናሹ ልጅሽ ለአበራ እንኳ አልነገርሽውም፤ በእልህ ዘሎ እንዳይሄድብሽ።

ከዚያ የአበራ ስም ለዘመቻ ከሚጠሩት ጋር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። አንድ ይበቃል ያሉት ራሳቸው ናቸው የለጠፉት። ነግሬሽ ስጨርስ ምስር ትለቅሚ ነበር፤ ለቅመሽ ጨረስሽ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጥሽና «አበራ መሞት አለበት» አልሽ።

ያበድሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ሁሉን አስበሽ ጨርሰሽ ነበር። አበራ ቆላ፣ ወንድምሽ አያ ደምሴ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያ ወባ ሰው ሲጨርስ የሚደንቀው የለም። ሞቶ እዚያው ተቀበረ ይባላል። እሱም በሌላ ስም ለሌላ ገበሬ ያርሳል። እንዳልሽውም ሆነ። አያ ደምሴ ምንም የማያውቁ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ጎህ ሲቀድ መጥቶ አረዳን። ሽማግሌዎቹ ሲያለቅሱ አያ ደምሴ እፍረት ይዞት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ሰዉ ግን ሐዘኑ የጠናበት መስሎት የበለጠ አለቀሰ።

ሁሉን አስበን ልብሱን ረሳን። ሬሳው የሌለ ሰው ልብሱ ወጥቶ በለቅሶው መሐል ይነጠፋል፤ ይህን የማያውቅ የለም። አበራ ግን ያለችውን አንዲት ጃኬት ለብሶ ሄዷል። ሴቶቹ «ልብሱን አውጪልን፣ እንየው» ሲሉ ገብተሽ የጌታቸውን ኮት ይዘሽ ወጣሽ። ሰሌኑ ላይ ዘርግተሽው እንዲህ አልሽ፦

ኮቱ ከቤት ቀርቶ ባለቤቱ ሄደ፣
በብርድ አገር ሜዳ ማን ልጄን ጋረደ።

አበራ ሞተ የተባለው እኮ ቆላ ነው፤ ሰው በላብ የሚታጠብበት አገር። የሰማ ሁሉ ሐዘን አሳታት አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ሐሰት ያልሽው ስሙን ብቻ ነበር። ያፈንሽውን ሁሉ ያን ቀን አወጣሽው፤ ደረትሽን እስኪያብጥ ደቃሽ። ቀበሌው ራሱ ባቆመልሽ ድንኳን ውስጥ፣ ሊቀመንበሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጦ፣ እንዳታለቅሺው የተከለከልሽውን ልጅ አለቀስሽው። የነፍስ አባትሽ እግዜርን መፈታተን የሚሉት ይህን ነው። እኔ ከዚያ ለቅሶ የበለጠ እውነተኛ ለቅሶ አላየሁም።

አንድ ሰው ግን አወቀ። በአጥር የምንዋሰናት በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ዘሐራ ከኮቱ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። ክርኑን የጣፈችው እሷ ናት፤ ጌታቸውና የሷ ሰይድ ሲታገሉ ቀደውት ሁለቱንም ገርፋ በእጇ የሰፋችው። ጥፉን አየችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ። ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ ጥፉ ተሸፈነ። ሦስቱንም ቀን የለቀስተኛውን ምግብ ተሸክማ ያመላለሰችው እሷ ናት።

አሁን መጻፉ የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ። የአበራ ስም ሲሰረዝ ቁጥሩ ጎደለ። ለቅሶው በተነሳ በአሥረኛው ቀን ሰይድን ወሰዱት። አንድ ወንድ ልጇን፣ ጢሙ እንኳ ያልበቀለውን።

ያን ሳምንት እህል አልቀመስሽም። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ነጠላሽን አስተካክለሽ «ተከተዪኝ» አልሽኝ። እትዬ ዘሐራ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ቆመሽ፣ ሳታለቅሺ፣ አበራ በሕይወት እንዳለና የት እንዳለ ነገርሻት። «ልጅሽ በልጄ ቦታ ሄዷል። ተናገሪ ወይም ዝም በዪ፤ የአበራ ነገር በእጅሽ ነው» አልሻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን እጠብቅ ነበር፤ በአንድ ቃሏ አበራ ይረሸናል፣ አንቺም ትታሰሪያለሽ።

በርበሬውን መቀንጠሷን አላቆመችም። «ደስታ፣ ኮቱን ያየሁ ቀን አውቄያለሁ» አለች። «ዛሬ የመጣሽው ሸክሙን ልታካፍዪኝ ነው? ወላሂ የሰው ልጅ አላስበላም። አንቺ ግን ከዛሬ ወዲያ ደጄን አትርገጪ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አልረገጥሽም። ገበያ ስትተላለፉ እሷ ፊቷን ታዞራለች፣ አንቺ ቆመሽ ታሳልፊያታለሽ። አንድ ቀን፣ ሄደሽ ይቅርታ ለምኚያት ብዬ ነዘነዝኩሽ። የመለስሽልኝን አልረሳውም፤ «ይቅር በዪኝ ብላት ውሸት ይሆንብኛል። ነገ አበራን እንደገና ቢጠሩት እንደገና እገድለዋለሁ። እንዲህ እያሰብኩ እንዴት ይቅርታ እለምናታለሁ?»

ለነፍስ አባትሽ ልመልስ የፈለግኩት ይህን ነው። ሰይድ በአንቺ ምክንያት አልሄደም አልልም፤ አንቺም አላልሽም። ግን ከመርሳ ይህን ያህል ወንድ ልጅ አምጡ ብሎ ቁጥር የቆረጠው አንቺ አይደለሽም። እናትን ከሁለት እሳት መሐል አቁመው የትኛው እሳት እንዳቃጠላት ይጠይቃሉ። እሳቱን ያነደደውን የሚጠይቅ የለም።

ያረፍሽ ዕለት ለአበራ ላክሁበት፤ እንዳትመጣ፣ አንተ ሙት ነህ ብዬ። ሙት ልጅ እናቱን አይቀብርም። ይህን መልእክት መላኬ አንቺን ከማጣቴ በላይ ነበር ያመመኝ።

ለቀብርሽ ሰው ጢም ብሎ መጣ። እትዬ ዘሐራም መጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ ደጃችንን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ከኋላዋ ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ አራት እስላም ሴቶች ነበሩ፤ አንዷን ክንዷን አጥብቃ ይዛታለች፣ ረጅም ናት። ሊቀመንበሩ ማናት አላት። «ከሐራ የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት፤ ልጇ ሞቶባት አንደበቷ ተይዟል፣ አትንኳት» አለችው። ሴትዮዋ ስታለቅስ ትከሻዋ ይርገፈገፋል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። አፈር ስናለብስሽ ጎንበስ ብላ ጭብጥ አፈር ዘገነች፤ ልጆች ሳለን በማጭድ የተቆረጠችውን አመልካች ጣት አየሁ። ልጮኽ ነበር፤ እትዬ ዘሐራ ግን ቀደመችኝና በእኔ ፋንታ እሪ አለች፣ ሰዉም እሷን ተከትሎ እሪ አለ። በዚያ ጩኸት ውስጥ አበራ «እማዬ» ብሎ ቀበረሽ። ማንም አልሰማውም።

መልእክቴን ሰምቶም አላስቻለው፤ ማለዳ ወንዙ ዳር ሲንከራተት እትዬ ዘሐራ አግኝታው ኖሯል። አንድ ጊዜ ብትጮኽ ሚሊሺያው ቅርብ ነበር። ወደ ቤቷ አስገብታ ራሷ አለበሰችው። ሰዉ ሲበተን መቃብርሽ ዳር ቀርተን፣ ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ልጄ የት እንዳለ አላውቅም፤ ያለ እናቱ፣ ያለ ቀባሪ ይቀር ይሆናል። እኔ ደግሞ እናት ያለ ልጇ ስትቀበር ቆሜ አላይም» አለችኝ። ከዚያ ወደ መቃብርሽ ዞራ «አብሽሪ ደስታ» አለች። ይቅር አልኩሽ አላለችም። አንቺም እንዲህ ቢሆን ትመርጪ ነበር።

አበራ ደህና ነው፤ ስሙን ግን ገና አላገኘም። ከሰይድ ምንም ወሬ የለም። እትዬ ዘሐራ ለሙት ዓመትሽ እንደምትመጣ ነግራኛለች፤ ዳቦውን እኔ ነኝ የማቀርበው ብላ ተቆጥታኛለች።

እኔ ንስሐ አልገባልሽም፤ የምገባልሽ ቃል ግን አለ። ሰይድ ከተመለሰ እውነቱን ከኔ አፍ ይሰማዋል፤ አንቺ ከናቱ ፊት እንደቆምሽው ቀና ብዬ ቆሜ እነግረዋለሁ፣ የሚለኝንም እቀበላለሁ። ስምን መጥራት የማያሳስርበት ቀን ሲመጣ ኮቱን ከዚያው ሰሌን ላይ ዘርግቼ ጌታቸው ብዬ አለቅሰዋለሁ። ይህንን ደብዳቤ እስከዚያ ኪሱ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ጥቁሩንም አላወለቅሁም። ሊቀመንበሩ ትናንት መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ ለእናትሽ ይበቃል፣ ዓመት ሊሆናት ነው፣ አሁን አውልቂ አለኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ላንቺ የለበስኩት መስሎታል፤ ግማሹ የጌታቸው ነው።

ልጅሽ