ሁለቱ ትሪገሮች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ በእኔ ስህተት ሰው ሊሞት ነበር።

ትናንት ከሰዓት በሆስፒታላችን ዳታቤዝ ላይ ሁለት ትሪገር፣ ማለትም አንድ መረጃ ሲለወጥ በራሳቸው የሚነሱ ትእዛዞች፣ ጨመርኩ። አንዱ ማዋለጃ ክፍል ደም ሲጠይቅ የደም ባንኩን መዝገብ በራሱ ያስተካክላል። ሌላው የደም ባንኩ መዝገብ ሲነካ የማዋለጃውን ጥያቄ ያድሳል። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ማቆሚያ እንደሚያጡ አላሰብኩም።

ረፋድ ላይ ከበዴሳ ጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈላት ወላድ ደም እየፈሰሳት ገባች። አዋላጇ ሲስተር አስቴር ጥያቄውን ስትመዘግብ ሲስተሙ ቀጥ አለ። ሮጣ ቢሮዬ መጣች።

"ዳዊት፣ ደም ባንኮቹ በሲስተም ካልደረሰን አንሰጥም አሉ! ሴትዮዋ እየደከመች ነው!"

የደም ባንኩ ኃላፊ ጋሽ ዳና ዘንድ ደወልኩ። "በወረቀት ይስጧት፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" አልኳቸው።

"እሺ፣ ፈርመህ ላክ" አሉኝ። ጽፌ ፈርሜ ለሲስተር አስቴር ሰጠኋት፤ እየሮጠች ወጣች።

ከዚያ ሁለቱንም ትሪገር አጠፋሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመርኩባቸው፦ አዲሱ መረጃ ከነበረው የተለየ ካልሆነ ምንም እንዳይነኩ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ አንድ ዙር ብቻ ሄዶ ይቆማል።

ደሙ ደርሶላት ሴትዮዋ ተርፋለች። ሲስተር አስቴር ወደ ቤቷ ስትሄድ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ "አንተ ባትኖር ዛሬ ምን ይውጠን ነበር? ተባረክ" አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን "አሜን" ነው።