በአዲስ ሌንስ ያልዳነችው ማጫወቻ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ እንዴት ናት? ልጆቹ በዚህ መሀል ቁመት ጨምረው ይሆናል። ወገብህስ ተሻለህ? ቀኑን ሙሉ አጎንብሰህ የሰው ሬዲዮ ስትጎረጉር መዋልህን ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ወገብህ ነው። እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ልጄም የልጅ ልጄም ደህና ናቸው። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሰላምታ አይደለም።

ምነው አትደውልም ብለህ ይሆናል። ባለፈው አንተ ደውለህ ልጄ ስልኩን ስትሰጠኝ በርሜል ውስጥ ገብተህ የምታወራ ነበር የመሰለኝ። አጥርቶ መናገር እንኳ ነፈገኝ ብዬ ዘጋሁብህ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለናል፤ ወረቀት አያጉረመርምም።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። ብታውቀውም በእኔ በኩል ምን ይመስል እንደነበር አታውቅም።

ሲዲ ማጫወቻዬ መሳቢያዋ አልከፈት ሲል፣ ድምፅዋም ሲታፈን፣ ወንድሜ ባለሙያ አይደል ወይ ብዬ ሰጠሁህ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የገዛልኝ ዕቃ ናት፤ ለሌላ ሰው አልሰጣትም ነበር። ወስደህ አቆየሃትና መለስክልኝ፣ የእጅ ዋጋ ስሰጥህም እንቢ አልክ። መሳቢያዋ ይከፈታል። ዘፈኑ ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል። ዘፋኟን ከኋላ የሚቀበሏት ሴቶች የሉም። ቫዮሊኑ የለም። የቀረኝ ከበሮውና የዘፋኟ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ያኔ ጠረጠርኩህ። ጠጋኞች ደህናውን ዕቃ አውጥተው የማይረባውን ይተካሉ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም ማለትህም ጥርጣሬዬን አባሰው።

የልጅ ልጄ ልደት ዕለት ሆዴ ውስጥ ያለውን አወጣሁት። ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት ዲስኩን የምታነበውን ኦሪጅናሏን ሌንስ አውጥተህ ሸጠህብኛል አልኩህ። ሌባም አልኩህ፣ አፌን ሞልቼ። አንተ ተነሣህ፣ ጀርባህን ሰጠኸኝ፣ ጃኬትህን ከወንበሩ ላይ አነሣህ፣ በሩን ከፍተህ ወጣህ። ትንፍሽ አላልክም። ስሜን ብታጠፋው፣ ብትሰድበኝ፣ እኔም እሰድብህና ይወጣልን ነበር። ያሳደገችህ እህትህ አንዲት ቃል እንኳ የማይገባት ሆና መቅረቷ ግን አንጀቴን አሳረረው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የያዝኩብህ ቂም ይኸው ነው፤ የሌንሷ አይደለም፣ የዝምታህ ነው።

አልለምነውም፣ ራሴ እሠራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። የማጫወቻዋን ቁጥር ከጀርባዋ ላይ ለልጄ አነበብኩላት፣ እሷም በስልኳ ኦንላይን ፈልጋ ሌንስ አዘዘችልኝ። ዕቃ አድራሹ የመጣ ዕለት በሩን ሳንኳኳ እጄ ዛለ ብሎ ተቆጣ። እኔ እኮ እዚያው በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው! ማንም አላንኳኳም። ውሸታም ብዬ ሸኘሁት። ያን ሰሞን ለሰው ሁሉ የማወጣለት ስም አላጣሁም ነበር።

እንዴት እንደሚፈታ በልጄ ስልክ ቪዲዮ አየሁ። የሠሪው እጅ እንጂ ፊቱ አይታይም፣ ስለዚህ የሚለው አልገባኝም፤ የሚያደርገውን ግን ለቀምኩት። ዕድሜዋን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ለኖረች ሴት ካቻቪቴ አይከብዳትም። የድሮዋን ሌንስ ሳወጣ ማስተካከያ ብሎኗ ላይ ፋብሪካው የቀባው ቀይ ቀለም ሳይሰነጠቅ እንዳለ ነበር። ማንም ነክቷት አያውቅም ማለት ነው። ለጤነኛ ሰው ያ ይበቃው ነበር። እኔ ግን ቀለም ቀብቶ ሊያታልለኝ ነው አልኩ!

አዲሷን ገጠምኳት። መስኮቷ ላይ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዲስኩ ግን ውስጧ ነው። ሻጮቹ ላይ የእርግማን ዶፍ አወረድኩባቸው። በኋላ ቪዲዮው ሥር ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ለካስ አዲስ ሌንስ ከሰው እጅ በሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዳትቃጠል ፋብሪካው አንዲት የመበየጃ ሊድ ጠብታ ያኖርባታል፤ ከተገጠመች በኋላ ጠብታዋ ካልተነሣች አታነብም። አንተ ተኝተህም የምታውቀው ነገር ነው። መበየጃ ተዋስኩ፣ ጠብታዋን አነሣሁ፣ ዲስኩ ዞረ። ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ደስታዬ ዘፈኑ እስኪጀምር ብቻ ነበር። ቫዮሊኑ አሁንም የለም።

እንግዲያው ቦርዷ ላይ የተበየዱት ካፓሲተሮች አርጅተዋል አልኩና እነሱን አዘዝኩ፣ አንድ በአንድ ነቅዬ ተካሁ። ለውጥ የለም። ከዚያ አዲስ የድምፅ ማጉያ ቦርድ አስመጣሁ። ይህ እንኳ ጥገና አልነበረም፣ ማሻሻል ነው፤ አንተ አበላሸህ ያልኩትን እኔ ከአዲስ በላይ አድርጌ ላሳፍርህ ነበር ሐሳቤ። በዚህ መሀል ቤቱም ያደመብኝ መሰለኝ። የበሩ ደወል ሞተ፤ ሌላ ገዛሁ፣ እሱም ሞተ። ማንቆርቆሪያው ማፏጨቱን ተወ። ጓሮ ካለው ዛፍ ላይ ወፎቹ ጠፉ። ልጄ ከጓዳ ስትጠራኝ ማጉረምረም አመጣች፤ አፍሽን ከፍተሽ አውሪ እያልኩ ስጨቃጨቃት ከረምኩ።

ቦርዱን የገጠምኩ ቀን ድምፁን ለቀቅሁት። ተቀባዮቹ ሴቶች ከሩቅ፣ ከተራራ ማዶ እንዳሉ ሆነው መጡልኝ። ዐይኔን ጨፍኜ እንባዬ መጣ። አገኘኋቸው አልኩ። ዐይኔን ስከፍት የልጅ ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ ያለቅሳል። የተከፈተ አፉን አያለሁ፤ ለቅሶው አይሰማኝም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መሀል ቤት ቆማ እጇን ታወናጭፋለች። መቼ እንደገባች አላውቅም።

ልጄ እየሮጠች መጥታ አጠፋችው። ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ አዞረችኝና ማሽኗ ምንም አልሆነችም እማ፣ አጎቴ እኮ ነግሮሽ ነበር አለችኝ። መቼ ነው የነገረኝ? አልኳት። የልደቱ ዕለት፣ ጃኬቱን ሲያነሣ አለችኝ። እትዬ፣ ማጫወቻዋ ደህና ናት፣ ጆሮሽን ሐኪም ይይልሽ ብሎሻል፣ ሁላችንም ሰምተናል፤ አንቺ ሳትመልሽለት ስትቀሪ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልሽው መስሎን ዝም አልን አለችኝ።

አየህ ጉዴን?

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው የሚግባባው በከንፈር እንደነበር አጫውቼሃለሁ። መቶ መወርወሪያ ባንዴ ሲጮህ ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ ብትጣራ አልሰማትም፤ የምትለውን የማውቀው አፏን አይቼ ነው። ጆሯችሁ ውስጥ ጥጥ ክተቱ ይሉን ነበር፤ ይበላናል ብለን ጥለነው እንሠራለን። ጡረታ ስወጣ ያን ልማድ እዚያው ትቼ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካስ ስንት ዘመን ሙሉ ሰማሁ የምለው ሳይ ነው። ፊቱን የሰጠኝን ሁሉ እሰማለሁ። ጀርባውን የሰጠኝ ለእኔ ዝም ያለ ሰው ነው።

አንተ ደግሞ ይህን ሁሉ አውቀሃል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ቆሜ ነው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባሁህ፤ እዚያ በተማርከው ነው ማጫወቻዋ ጤነኛ መሆኗን፣ ያልሆንኩት እኔ መሆኔን ያወቅኸው። ታዲያ ያን የሚያህል ነገር ለእኔ መንገር ሲገባህ ለበሩ ትነግራለህ? እንባው ስለመጣ ነው የዞረው ብላለች አሉ ሚስትህ። ይሆናል። እንባህን ባየው ይሻለኝ ነበር። ሌባ ስልህ ፊት ለፊትህ ቆሜ ነው ያልኩህ።

ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ አይመለስም አለኝ። ፊቱን ሰጥቶ ነው የነገረኝ፣ ምስጋና ይግባው። ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል መሣሪያ ታዝዛልኛለች፤ ቫዮሊኑን አታመጣልሽም፣ ሰውን ግን ታቀርብልሽ ይሆናል ብሎኛል። መለዋወጫው ኦንላይን አይሸጥም ወይ ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። እኔም ቤት ገብቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

አሁን አንድ ችግር ቀርቶኛል። ማጫወቻዋን ሠርቻታለሁ፤ ሌንሷ አዲስ ነው፣ ካፓሲተሮቿ አዲስ ናቸው፣ ማጉያዋም አዲስ ነው። አምሮላት ይሁን ተበላሽታ ግን አላውቅም። ልጄ ጥሩ ናት ትለኛለች፤ ለእሷ እኔን ደስ ካለኝ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው። የባለሙያ ጆሮ ያስፈልገኛል። መጥተህ ስማት። ቫዮሊኑ ካለ አለ በለኝ፣ ከሌለም የለም በለኝ።

የድሮዋን ሌንስ አልጣልኳትም። ከነቀይ ቀለሟ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬልሃለሁ። ስትመጣ ትወስዳታለህ።

በሩን እንዳታንኳኳ። በጓሮ በኩል ዙርና መስኮቱ ፊት ብርሃኑ ላይ ቁም፣ እኔ ወንበሬን ወደዚያ አዙሬዋለሁ። የምትለኝ ካለህ ጃኬትህን ሳታነሣ፣ እያየኸኝ በለኝ። ስድብም ከሆነ ይሁን፣ ሳይጎድል ይድረሰኝ።

ወገብህን ይማርልህ። እጅህን ይባርክልህ። የልጆችህን ድምፅ እስከ እርጅናህ ያሰማህ።

እትዬ የምትለኝ እህትህ