የጡብ ሐውልት ሊያሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ቡዋቫን

ወይዘሮ ቡዋቫን ከአባታቸው ከጀልባ ቀዛፊው ከአቶ ቱም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካምፉይ፣ በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር በ2490፣ በሰሜን ላኦስ በካን ወንዝ ዳር ተወለዱ። ጉም ወንዙን በሸፈነበት ማለዳ ስለተወለዱ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያዩት ነጭ ብቻ ነው ይባላል። ግማሽ ሐሳባቸው ዕድሜ ልካቸውን ከዚያ ጉም አልወጣም።

በዚያ ዘመን ፊደል የሚቆጥሩት ገዳም የገቡ ወንዶች ነበሩና፣ እርሳቸው ከእናታቸው ሐር መሸመን ተማሩ። በ2509 ዓሣ አጥማጁን አቶ ካምላን አግብተው ሴንግንና ቪላይን ወለዱ። አቶ ካምላ ድሃ ቢሆኑም ቀልደኛ ነበሩ። ወይዘሮ ቡዋቫን ግን ድህነትን በዚህኛው ሕይወት ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለውም ይፈሩት ነበር። ለገዳም ትንሽ የሰጠ ተመልሶ ድሃ ሆኖ ይወለዳል፣ ሐውልት ማሠራት ግን ትልቅ ስጦታ ነው ብለው ስላመኑ፣ በገዳሙ ግቢ ከባለጠጎቹ ጎን ዐፅማቸው የሚያርፍበት የጡብ ሐውልት ሊያሠሩ ቆረጡ።

ከሐር ያገኙትን የላኦስ ገንዘብ፣ ኪፕ፣ በቀርከሃ ውስጥ እየከተቱ ዓመታት አለፉ። ዓሣው ለገበያ፣ ጭንቅላቱ ለቤት ሆነ። የሣር ክዳኑ ሲያፈስ ድስት ይደቅኑበታል፤ ጠብታው ድስቱን ሲመታ እርሳቸው በሕልማቸው ነጭ ጡብ ሲደረደር ያያሉ። አቶ ካምላም እያሳሉ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብሽ እኮ። ለዐፅምሽ ቤት ስትሠሪ እኔ በቁሜ በሰበስሁ» ይሏቸው ነበር።

በ2553 ክረምት የአቶ ካምላ ሳል ጸና። ሐውልቱ ቶሎ ቢሠራ የበጎ ሥራው ዋጋ ለባለቤቴ ይደርሳል ብለው፣ ወይዘሮ ቡዋቫን ቀርከሃውን ታቅፈው ወደ አበምኔቱ ሄዱ። አበምኔቱ ገንዘቡን አልነኩም።

«እማማ፣ ቤትዎ ያፈሳል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ያፈሳል፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ጡቡን ይተዉት። ጌታችን ቡድሃ ማጣትን ለመነኩሴ እንጂ ለባለትዳር አላመሰገነም። በላብ የመጣ ገንዘብ ደስታው ሲበሉትና ሲያበሉት ነው። ይሂዱና ጣራውን ይክደኑ።»

ወይዘሮ ቡዋቫን መንገዱን ሁሉ አለቀሱ፤ ያለቀሱት ስለ ሐውልቱ ሳይሆን ቤተሰባቸው ሳይበላ ስላለፈው ዓሣ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። አቶ ካምላ የመጀመሪያውን ዝናብ ሳይረጥቡ ተኝተው እያዳመጡ፣ «ሰማይ ቤት ይሄ ከሆነ ይበቃኛል» አሉ። ሦስት ዓመት ጠግበው በልተው ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ የያዘው መንገደኛ ሁሉ ቤቱን የራሱ አደረገው፤ ወይዘሮ ቡዋቫንም ሩዝ እያቀረቡ ከማን ጋር እንደሚበሉ እንኳ ሳይጠይቁ ይስቁ ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በ2567 የዝናቡ ወራት ሲያበቃ፣ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዐርፈዋል። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

ዛሬ አስከሬናቸው ይቃጠላል፤ አመዳቸው ነገ ለወንዙ ይሰጣል። ሥራቸው ቀድሞ መንገዱን ያብራላቸው፤ የእኛም በጎነት ይድረሳቸው።

ከቀርከሃው የቀረው የመጨረሻው ገንዘብ አሁን ፊታችሁ የቀረበው ሩዝና ዓሣ ነው። ጠግባችሁ እንድትበሉ፣ ምንም እንዳታስተርፉ ተናዝዘዋል።