ሹልክ ብላ ለወጣችው መምህርት

ለእጩዋ መምህርት፣

ስትመጪ እንዳትደነግጪ፤ ልጅሽን ይዣት ጸሎት ቤት ሄጃለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው።

ለመምህርነት ፈተናው ስትሸመድጂ እኔ ጎረቤትሽ በግድግዳው በኩል ሰምቼ ሰምቼ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ሕፃን መጀመሪያ የሚማረው ሰውን ማመን ነው።» ግሩም!

አንቺ ግን ዛሬ «ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ» ብለሻት በጓሮ በር ወደ ቤተ መጻሕፍት ሹልክ አልሽ። ሚስኪን፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ «እማ፣ አልጨረስሽም?» ስትል ዋለች። ይሄ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

ትናንት «አንቺን ብሎ መምህር» ያልኩሽ አምልጦኝ ነው።
ዛሬ ብዬው ቢሆን ግን አስቤበት ይሆን ነበር።

ነገ ለፈተናው ስትወጪ ዓይን ዓይኗን እያየሽ «እሄዳለሁ፣ ማታ እመጣለሁ» በያት።
ታልቅስ። አባብላታለሁ።
ብቻ «እናትሽ ትመጣለች» ስላት እንድታምነኝ አድርጊያት።