በክሩ ላይ የቀረ ምራቅ

ንካታ ቤይ፣ ሰኔ 9

ይድረስ ለትንሿ እማ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጆሃንስበርግ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ ልበል እንጂ ምን እላለሁ። እማ ከሞተች ወዲህ የንሲማ ገንፎዬን ብቻዬን እየበላሁ፣ ድስቱንም ብቻዬን እያጠብኩ አለሁ። ወንድሜ ዎንጋኒ ለጥናታችን ዓሣ ሊይዝ ሐይቁ ውስጥ ሲጠልቅ ይሰነብታል፤ ሲመጣም እንቅልፉን ይለጥጣል። ለእህትሽ ለቅሶ አለመምጣትሽን አልረሳሁትም፤ ይኸው ተናገርኩት፣ ወጣልኝ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከዓሦቹ ክንፍ ቅንጣት ቆርጠን ዲኤንኤውን እናወጣለን፤ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ አያት እንዳለው፣ ከተለያዩም ስንት ዘመን እንደሆናቸው እናነባለን። መልካቸው ያታልላል። ሰማያዊውና ቢጫው ወንድማማች ሆነው ይገኛሉ፣ ቁርጥ አንድ የሚመስሉት ደግሞ ባዳ።

ባለፈው ወር ከአንዱ ዓሣ ናሙና ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ተገኘ። አለቃችን ዶክተር ኒሮንጎ ይሄ ዓሣ የማናችሁ ዘመድ ነው እያለ ቀለደብን። ጥፋቱ የኔ ነበር። እማ ዓሣ በክር ስንሰካ ጫፉን በምራቅሽ አርጥቢው ብላ አስተምራኝ የለ? መለያ ወረቀቱን ናሙናው ላይ በክር ሳስርም እንደዚያው አደረግሁ። ወይ ጉዴ! የማን እንደሆነ ለመለየት የሁላችንም ምራቅ ተወሰደ፤ የኔም፣ የዎንጋኒም። ውጤቱን ያነበብኩት ራሴ ነኝ።

በእናት በኩል የኔና የዎንጋኒ መስመር አንድ ነው። ደስ አለኝና ወደ ቀረው ውጤት ዞርኩ። እኔና ዎንጋኒ እንደ እህትና ወንድም አንገጥምም፤ የእህትማማቾች ልጆች ሆነን ተገኘን። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሌላ ሰው ተሳስቶ ነው ብዬ እንዳላልፈው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እጄን አውቀዋለሁ።

አያቴ የወለደችው ሁለት ሴት ብቻ ነው፤ እማንና አንቺን።

ለዎንጋኒ አልነገርኩትም። ለዶክተሩም ክሩን ያራስኩት እኔ ነኝ ብዬ ሌላውን ዋጥ አደረግሁት። ልጅ ሆኜ ትንሿ እማ ለምን ሄደች ስላት፣ እማ ሥራ ፍለጋ ነው ትለኝና ፊቷን ታዞር ነበር። መጀመሪያ ተናድጄ ጽፌልሽ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። አሁን ንዴቱ አልፎ ብቸኝነቱ ቀረ። በዚህ ቤት እማ ብዬ የምጠራው ሰው የለም፤ ይከብዳል።

ለምራቅሽ ጥጥና ብልቃጥ ልልክልሽ እችል ነበር። አልላክሁም። ዓሣውን ማንም አያስፈቅደውም፤ አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ። የምለምንሽም አንድ ነገር ነው። እማ የዎንጋኒን መወለድ ስታወራ ሰዓቱን፣ ዝናቡን፣ አዋላጇ የለበሰችውን ሳይቀር ትቆጥር ነበር። የኔን ሰዓት ስጠይቃት ግን ረሳሁት ትለኛለች። አንቺ ታስታውሺው ይሆናል። ጻፊልኝ።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርገው።

ልጅሽ