አፍ ላላቸው ብቻ

ሰኞ፣ ጥር 14

አቧራ። የበረሃው ነፋስ ጀመረ፤ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። ከታናሽ እህቴ ከኢንዶ ጋር ውሃ ቀዳን፣ ግቢ ጠረግን፣ ትምህርት ቤት ሄድን። እሷ አራተኛ ክፍል፣ እኔ ስድስተኛ። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ስድስተኛ… ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነኝ።

መምህራችን ማለም ዳንላሚ ጡረታ ወጡ። በሳቸው ጊዜ እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ከዚያ አንድ ላይ እንጮኻለን። በስልሳ ልጅ ጩኸት ውስጥ የኔ ድምፅ አይለይም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።

አዲሷ መምህር ማለማ ሂንዳቱ ትባላለች። ከመምህራን ኮሌጅ ገና መውጣቷ ነው። ዴስኮቹን ፊት ለፊት አዞረቻቸው። አሁን የማየው ሰሌዳ ሳይሆን የክፍል ጓደኛዬን የዙላይን ፊት ነው። የት ልይ?

"ዕውቀት እኔ አፍ ውስጥ የለም" አለች ማለማ። "የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።"

ዙላይ ጠጋ ብላ፣ "ታዲያ ደመወዙን ለኛ ትስጠን!" አለችኝ። ሳቅኩ… በሆዴ።

ረቡዕ፣ ጥር 16

"እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ጀሪካን ውስጥ ያለውስ ለምን አይቀዘቅዝም? ፉሬራ?" አለች ማለማ። እኔን ነው።

ተነሳሁ። እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ። የማለም ዳንላሚን ማስታወሻ በቃሌ ወጣሁት። ትነት ማለት ፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ ነው፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል… አንድ ቃል አልሳትኩም።

"በምን አወቅሽ?" አለች።

በምን አወቅሽ! እኛ ቤት እንዲህ ተብሎ የሚጠየቀው የሰረቀ ልጅ ነው።

"ማለም ዳንላሚ ናቸው ያሉት።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "እሺ፣ እሳቸው አሉ። አንቺስ?" አለች ማለማ።

እኔስ? ቆምኩ… ቆምኩ። "ተቀመጪ" አለች።

ዙላይ እጇን አወጣች። "ሸክላ ከመሬት ስር ስለሚወጣ ነው! መሬት ውስጡ ቀዝቃዛ ነዋ!"

"ጎበዝ! ዋናው ማሰብሽ ነው።"

ተሳስታለች እኮ! ለተሳሳተችው ጎበዝ፣ ላልተሳሳተችው ተቀመጪ። ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ደግሞ አውቃለሁ። እንስራ ሲያረጅ ላቡ ይቆማል፤ ያኔ አያቀዘቅዝም። ነፋስ ወዳለበት የማዞረውም እኔ ነኝ። ለምን ይህን አላልኩም? የቤት ነገር ነው። የቤት ነገር ትምህርት ይሆናል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ጥር 29

ዛሬ ማለማ ነገረችን። ካትሲና ከተማ ያለው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ከኛ ሁለት ልጅ ይቀበላል። በነፃ። በፈተና አይደለም፤ ስሙን የምትልከው እሷ ናት። "ማስታወሻ የሚደግሙ ልጆች ሰልችተውናል፤ የሚያስቡ ላኩልን" ብለው ጽፈዋል አሉ።

ሁለት ስም ብቻ።

እዚህ ከተማ ከስድስተኛ በላይ ለሴት ትምህርት የለም። አባቴን፣ ባባን ጠየቅኳቸው… ማለት፣ እናቴ ጠየቀችልኝ። "ስሟ ከወጣ ትሂድ" አሉ። "ካልወጣ ግን ካኖ ያለችው እህቴ ስትጠብቅ ዓመቷ ነው።" አክስቴ ለገበያ የባቄላ ጥብስ፣ ኮሳይ የምትጠብስላትና አምስት ልጅ የምታዝልላት ትፈልጋለች። ቤቷን አውቀዋለሁ። ከዚያ ቤት ማንም ደብተር ይዞ ሲወጣ አላየሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

ዘዴ አገኘሁ ብዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ማለማ ጎበዝ ያለችበትን መልስ ሁሉ ጻፍኩ። "እኔ እንደሚመስለኝ…" "ቤት ውስጥ ሞክሬ አይቻለሁ…" ሃያ ሰባት ሆነ። በቃሌ ያዝኩት። ማሰብን በቃሌ ያዝኩት!

ዛሬ ጠራችኝ። ባቄላ በጨለማ ለምን እንደሚረዝም ጠየቀችኝ። ይህ ከሃያ ሰባቱ ውስጥ የለም። አፌን ከፈትኩ። "እኔ እንደሚመስለኝ…" አልኩ፤ ቀጥሎ ምንም የለም። ድጋሚ፣ "እኔ እንደሚመስለኝ…"

ዙላይ፣ "ይሄ ራዲዮ ባትሪው አልቋል!" አለች። ማለማ ተቆጣቻት። ቁጣዋ ከሳቁ ይበልጥ አሳመመኝ። እንደ በሽተኛ አዘነችልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

አልጠየቀችኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 9

አልጠየቀችኝም። ዓይኗ እኔ ጋ ሲደርስ ይዘላል። ተወችኝ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ምን እንደነካኝ አላውቅም። እጄ አሁንም ጥቁር ነው።

ባባ በመግቢያው ክፍል ልጆች ቁርዓን ያስቀራሉ። ልጅ የእንጨት ሰሌዳው፣ ለውሁ ላይ የተጻፈለትን ጨርሶ ሲይዝ ቀለሙ ይታጠባል፤ እጣቢውን ይጠጣል። እኔም ስንቱን ጠጥቻለሁ፣ አንዱም አልጠፋብኝም። ታዲያ… ጠዋት ባባ ገበያ ሲወጡ አሮጌውን ለውህ አነሳሁ። ትነትን፣ ባቄላውን፣ የማለማን ጥያቄዎች ሁሉ ጻፍኩበት። አጠብኩት። ጠጣሁት። ጥላሸት ጥላሸት ይላል፣ ሙጫ ሙጫ።

ባባ በር ላይ ቆመዋል። ለካ ቦርሳቸውን ረስተው ነው።

"ምንድን ነው የጠጣሽው?"

"ትነትን።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ቁጭ አሉ።

"እኔ ዘንድ ሳይዝ ያጠበ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ፊቴ ይወጣዋል፣ ከዚያ ይታጠባል። ውሃው ልብ ውስጥ ያለውን ያትማል እንጂ የሌለውን አያመጣም።"

"በቃሌ ይዤዋለሁ ባባ።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?"

"ማለማ… የራስሽን ንገሪኝ ትላለች።"

ለውሁን ከእጄ ወሰዱ። "እኔ ከአባቴ የተቀበልኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አቆየሁ። አደራ ነው። የራስሽን… ይሄንን እኔም አልተማርኩትም፣ ልጄ።"

ባባም የማያውቁት ነገር አለ። የባሰ ፈራሁ። ማንን ልጠይቅ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 20

ማለማ ቤታችን መጣች። ከባባ ጋር ስለኔ ልትነጋገር። ሳትታመም አትቀርም ብላ ነው መሰለኝ። ባባ መስጊድ ነበሩ። እኔ ስድስት ትንንሽ ሴት ልጆች ቁርዓን አስቀራለሁ። እንደ ሁልጊዜው ሁሉም የየራሱን ለውህ ይዞ በአንዴ ይጮኻል። መግባቷን አላየሁም።

"ሐዋ፣ ተመለሽ። አንድ መስመር ዘለልሽ። ታባዋ፣ እሱን ቃል አትዋጪው" አልኩ።

ከኋላዬ፣ "በስድስት ጩኸት መሀል እንዴት ለየሻት?" አለኝ ሰው። እኔ ልጆቹን እያየሁ ነው። ፊቷን አላየሁም። ያልፈራሁት ለዚህ ይሆን?

"መስመር የዘለለች ልጅ ትፈጥናለች" አልኩ። "ትንፋሽም የምትወስደው ያለ ቦታው ነው። ግን ከጆሮ ትከሻ ይቀድማል። ሁሉም ይወዛወዛሉ አይደል? የጠፋባት ልጅ ትከሻዋ ቀጥ ይላል፤ ድምፅዋ የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። ታባዋ ደግሞ ቃል ውጣ ስትዋሽ አውራ ጣቷን ታጥፋለች።"

"አልዋሸሁም!" አለች ታባዋ፣ አውራ ጣቷን አጥፋ።

"ይሄን ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ሳይ ሳይ ቆይቼ አገኘሁት።"

ከዚያ ዞርኩ፤ ማለማ ናት። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። እሷ ምንጣፉ ላይ ከልጆቹ እኩል ተቀመጠች።

"ክፍል ውስጥ ለምን እንዲህ አትነግሪኝም?"

"ሰው እያየኝ አይሆንልኝም። ቢያጽፉኝ… እጽፈው ነበር፣ ማለማ።"

ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ስሞቹን ትናንት ላክሁ፣ ፉሬራ።"

ዙላይና ሌላ ልጅ። ትናንት። አንድ ቀን!

ሐሙስ፣ የካቲት 22

ማለማ ትምህርት ቢሮ ድረስ ሄዳ ነበር። ከመንገድ በቀጥታ እኛ ጋ መጣች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ። "ሁለት ስም፣ ሁለት አልጋ" ብለዋታል። የዙላይ ስም ይሰረዝ አትል ነገር። እኔም አልልም። ዙላይ ምን አጠፋች? የተጠየቀችውን መለሰች።

ባባ፣ "ደክመሻል፣ ማለማ፤ አላህ ይስጥሽ" አሏት። እሷ ግን ከበሩ አልሄድ አለች። "ዝም ያለ ልጅ ባዶ ይመስለኝ ነበር" አለች። "እንደዚያ ነው የተማርኩት።"

እሷም የተማረችውን ነበር የምትደግመው?

ሰኞ፣ የካቲት 26

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ምን ልሠራ?

እሑድ፣ መጋቢት 2

አክስቴ ሰው ላከች። ቅዳሜ እንድመጣ። እናቴ ሁለት ጨርቅ አጠበችልኝ። እያጠበች አታየኝም። እኔም አላያትም። እንዲህ ነው የምንላቀሰው።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ጓዜ ተቋጥሯል። መኪናው ነገ ማለዳ ነው።

ኢንዶ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። እሷ ከኔ ትብሳለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጎተራ ኋላ የምትደበቅ ናት።

"ማለማ ዛሬ እኛ ክፍል ገብታ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችን! 'መጀመሪያ ጻፉ፣ ስም አትጻፉ' አለች። ከዚያ ሰብስባ አነበበችው። የኔን ሁለት ጊዜ አነበበችው! ማን እንደጻፈው ማንም አላወቀም። እኔ ብቻ!"

"ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

ነገረችኝ። ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር። አሥር ዓመቷ ነው… ወደ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ለሷ ይሁን ለኔ፣ አላውቅም።

አክስቴ ሁለት ዓመት ቆይታ ሌላ ልጅ ትጠይቃለች። የአጎቴን ልጆች እንዲህ ነው አንድ በአንድ የወሰደቻቸው።

ባባ ከጁምዓ ሲመለሱ በሩ ላይ ጠበቅኳቸው። እናቴን አልላክኋትም። ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ለካ ቡናማ ነው።

"ባባ፣ እኔ እሄዳለሁ። ኢንዶን ግን ለካኖ እንዳይሰጡብኝ።"

ድምፄ ግቢው መሀል ተሰማ። እናቴ መውቀጧን አቆመች።

ባባም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እንዲህ ያለ ልጅ አያውቁም።

"አልሰጥም" አሉ።

"ወላሂ ይበሉ።"

"ወላሂ።"